ከአባቴ ጋር በደሴቲቱ እስር ቤት

አባቴ ቦንጋ ድረስ የመጣው እርጉዝ መሆኔን ሰምቶ ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት መንገዱን አልደፈረችውም። እሱ ግን "አንድ ሰው እንኳ ሄዶ ማየት አለበት" ብሎ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ ቦንጋ አውቶቡስ እየቀያየረ ደረሰ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ ርቀት አያስፈራውም፤ ያስቸገረው ተሳፋሪ መሆኑ ነበር። መናኸሪያ ሄደን ስንቀበለው፣ ገና ሳይስመኝ፣ "ይሄ ልጅ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ ነው የሚወርደው" አለኝ ወደ ሾፌሩ እየጠቆመ።

እኔ ያኔ እዚያው ከተማ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ተመድቤ ስመጣ ቶሎ ዝውውር ጠይቄ ወደ ወሎ የምመለስ መስሎኝ ነበር፤ ግን ግብርና የሚሠራ የከፋ ተወላጅ አገኘሁና ቀረሁ። አባቴ ባለቤቴን በሠርጋችን ጊዜ ተቀብሎታል። ተቀበለው ማለት ግን ለመደው ማለት አይደለም። ሲያናግረው ሁሌም እንደ እንግዳ ነው፤ "እግዜር ይስጥልኝ"፣ "አይቸገሩ"። ለአማቹ "እርስዎ" ይለዋል! ባለቤቴ ደግሞ በአማርኛው ስለሚሳቀቅ ከሱ ፊት ቃል እየመረጠ ይናገራል። እኔ መሀል ተቀምጬ የሁለቱን ትሕትና ሳዳምጥ ይደክመኝ ነበር።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ በርትቷል። አባቴ ቤት መዋል አይችልም። የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ፣ ከዚያ የሚሠራው ሲያጣ በረንዳው ላይ ቆሞ ደኑን ማየት ጀመረ። ባለቤቴ ይህን አይቶ፣ "ለምን አንድ ቦታ አንወስዳቸውም?" አለኝ። ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ የሚገናኝበት ቦታ አለ። መሀሉ ላይ በቀረችው መሬት ላይ አሮጌ እስር ቤት ነበር። ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ እስከ ደርግ መጨረሻ ሰው ታስሮበታል ይባላል። ባለቤቴ ልጅ ሳለ፣ ሲያጠፋ እናቱ የምታስፈራራው በዚያ ቤት ነበር። አሁን ግን የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው አጽድተውታል፤ ቀለም ቀብተው፣ አሮጌ ዕቃ ሰብስበው፣ ሙዚየም ብለው ቱሪስት ማስገባት ጀምረዋል።

አባቴን ስጠይቀው "እንሂድ እንጂ" አለ። እስር ቤት ስለተባለው አንዳች አልተናገረም። እኔም ምንም አልጠረጠርኩም። አባቴ ታስሮ እንደሚያውቅ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በጠዋት በሚኒባስ ሄደን መገንጠያው ላይ ወረድን። ባለቤቴ "መንገዱ ደልዳላ ነው" ብሎኝ ነበር፤ ደልዳላነቱ ለሱ ነው። በጭቃው ውስጥ ሆዴን ደግፌ ቁልቁል ስወርድ፣ አባቴ ከፊቴ ሆኖ እየዞረ "እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል" ይለኛል። ሰማዩ ገና ንጹሕ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ቡናማ ሆኖ ቢፈስም ዝቅ ያለ ነበር። በግንድ የተሠራ ድልድይ አለ፣ በአንድ ጎኑ ለመያዣ ሽቦ ተወጥሮበታል። ከማዶ የሹራብ ባርኔጣ ያደረገ ወጣት በደስታ እጁን ያወዛውዛል።

"ቲቸር! እንኳን ደህና መጣችሁ!" አለኝ። ከተማ ውስጥ አይቶኝ ያውቃል። "የዛሬ ቪዚተሮቻችን እናንተ ናችሁ።"

ብቸኞቹም እኛው ነበርን።

ቤቱ ዝቅ ያለ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። የመጀመሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። መሀል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የዛገ እግር ብረት፣ የጣሳ ኩባያ፣ የተበላ ሰሌን። አስጎብኚው የተማረውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ይህ የወንበዴ፣ ይህ የፖለቲካ እስረኛ፣ ይህ የዘበኞች። ባለቤቴ ጥያቄ ያበዛል። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይከተላል። እግር ብረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየው፣ ግን አልነካውም።

"ትንሽ ነው" አለ።

"ምኑ፣ አባዬ?"

"ምንም። ቀጥሉ።"

የመጨረሻው ክፍል ጨለማ ቤት ይባላል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር እጅ የማያሳልፍ ቀዳዳ ብቻ አለ። በሩ ከወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ በውጭ በኩል የብረት መቀርቀሪያ ያለው፣ የድሮው በር ራሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሲታደስ እሱ አልተነካም፤ ቀለም ብቻ ተቀብቷል። አስጎብኚው ኩራቱ እዚህ ላይ ነበር። "ወደ ውስጥ ገባ በሉ" አለን። አባቴ ሳይጠራ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ መሀል ቆሞ ጣሪያውን ያያል። እኔም ተከተልኩት። ባለቤቴ ፎቶ ሊያነሳን ውጭ ቀርቶ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው።

"አሁን ለአፍታ ብቻ እንዘጋለን" አለ አስጎብኚው። "ጨለማውን ለማየት። ፈረንጆቹ በጣም ይወዱታል።"

አይሆንም ልለው አፌን ስከፍት በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት።

ጨለማው ዓይን ላይ እንደ ጨርቅ የሚጣበቅ ዓይነት ነበር። ከውጭ የአስጎብኚው ሳቅ ተሰማኝ፣ ከዚያ ብረት ሲነቀነቅ። ቆይቶ ደግሞ ሲነቀነቅ። ሳቁ ጠፋ።

"ቲቸር፣ ትንሽ ይዟል። አንድ ጊዜ ታገሱ።"

"ምን ሆነ?" የባለቤቴ ድምፅ ነው።

"ቀለሙ ነው መሰለኝ። እርጥበትም አለ።"

በሩን መደብደብ ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የከፋን ዝናብ ለለመደ ሰው እንኳ የዚያን ቀኑ የተለየ ነበር። አንድ ክንድ ያህል የራቀን ሰው ድምፅ ይውጣል። "አባዬ፣ አይዞህ፣ አሁን ይከፍቱታል" አልኩ ወደ ጨለማው። የሞባይሌን መብራት አበራሁ። አባቴ መሀል የለም። ከበሩ በጣም የራቀችው ጥግ ውስጥ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቁጢጥ ብሏል። ክርኖቹ ፊቱን ሸፍነዋል።

"አጥፊው" አለኝ በሹክሹክታ። "ብርሃን ካዩ ይመጣሉ።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"አጥፊው አልኩሽ!"

አጠፋሁት። በሩ እንደገና በኃይል ተደበደበ፤ ባለቤቴ በትከሻው እየገፋው መሆን አለበት። እያንዳንዱ ምት ክፍሉን ያናውጠዋል። ያኔ ነው የሰማሁት። አባቴ፣ ባለሥልጣን ሲያናግረው እንኳ ከመሪው ላይ እጁን የማያነሳው ሰው፣ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣

"ጌታዬ" አለ። "ጌታዬ፣ ምንም አላደረግሁም። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ጌታዬ።"

ስለ አባቴ የማውቀው ሁሉ ባንድ አፍታ ሌላ መልክ ያዘ። ቤታችን ውስጥ ሁሌም በር ተከፍቶ ነው የሚተኛው፤ ልማዱ ነው እንል ነበር። ወደ በሩ እየጮህኩ "አትምቱት! አትምቱት!" አልኩ። ዝናቡ ዋጠው። በቡጢ እየደበደብኩ ደግሜ ጮህኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ አፉን ስንጥቁ ላይ አድርጎ "ምን ሆናችሁ?" አለኝ።

"በሩን አትምቱ! አባዬን እያመመው ነው። በሌላ መንገድ ክፈቱት!"

"እሺ። ልጁ ዲጂኖ ሊያመጣ ወደ መንደር ሄዷል። እኔ እዚሁ ነኝ።"

በእጄ እየዳበስኩ ወደ ጥጉ ሄድኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ስይዘው ሊያስለቅቀኝ ታገለ፣ በኋላ እኔ መሆኔን አውቆ ተወ። መሬቱ እርጥብ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት፤ ከበሩ ሥር ውሃ እየገባ ቀሚሴን አርሶታል። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ቢኖረውስ ለማን እደውላለሁ?

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። አባቴን ከዚያ በፊት አጽናንቼው አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ሲይዘኝ እሱ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ መንገዱን ይነግረኛል። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከደሴ ተነስቶ ከተማ ከተማውን እየጠራ አዲስ አበባ ሳይደርስ ያስተኛኛል። ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ፣

"አባዬ፣ ከደሴ ወጣን" አልኩት። "ቀጥሎ ማን ነው?"

እጁን ነቅነቅ አደረግሁት።

"ቀጥሎ ማን ነው? ረሳሁት እኮ።"

"ኮምቦልቻ" አለ ቆይቶ።

"ከዚያስ?"

"ሐርቡ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው። ከዚያ ከሚሴ።" ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ከሚሴ ቁርስ ይበላል። ሰንበቴ። አጣዬ።"

"ቀጥል።"

"ሸዋ ሮቢት። ሙቀት ነው፣ መስኮት ይከፈታል።" ድምፁ ቀስ እያለ የራሱ ድምፅ ሆነ። "ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና።"

እዚያ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ጣርማ በር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ከበሩ ውጭ የባለቤቴ ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል። ከዝናቡ ድምፅ ሥር ሌላ ወፍራም ድምፅ እየመጣ ነበር። ወንዙ ነው። ባለቤቴ ተመልሶ በስንጥቁ ጠራኝ።

"ድልድዩን አይቼ መጣሁ። ውሃው ትንሽ ጨምሯል። አትስጊ።"

ባለቤቴ ነገር ሲከብደው "ትንሽ" ማለት ይወዳል። አልፈራሁም ለማለት ያህል "እሺ" አልኩት። ሆዴ ውስጥ ያለችው ልጅ ጨርሳ ጸጥ ማለቷን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። መቼ እንደተንቀሳቀሰች ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

"ደብረ ሲና ላይ አወረዱኝ" አለ አባቴ በጨለማው ውስጥ።

"እነማን?"

"የኬላዎቹ። በደርግ ጊዜ። አንቺ አልተወለድሽም፣ እናትሽ እንዳንቺ ነበረች።" ወደ ሆዴ ማለቱ ነው። "አውቶቡሱን ፈተሹ። ከወንበር ሥር ወረቀት አገኙ። የሚበተን ወረቀት። 'እዚህ ማን ነበር የተቀመጠው?' አሉኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ መንገድ ዳር ቆሟል።"

"አንተስ?"

"አላውቅም አልኩ።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "አውቅ ነበር። ከሚሴ የተሳፈረች ልጅ ናት፣ አሥራ ስምንት ቢሆናት ነው። ከሰዎቹ መሀል ቆማለች፣ እኔን ነው የምታየው። አውቶቡሱን ረዳቴ ይዞት ሄደ፣ እሷም ተሳፍራ ሄደች። እኔ ቀረሁ።"

"የት ቀረህ?"

"እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ነዋ። በር ሲመታ ተራህ ደርሷል ማለት ነው።" እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። "ለመንኳቸው፣ ልጄ። ጌታዬ እያልኩ ጫማ ስሜ ለመንኳቸው። ሰው ይሰማኛል አላልኩም። ግን አልነገርኳቸውም። የምትለብሰውን ቀሚስ ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ አልነገርኳቸውም።"

መለመኑን ሲነግረኝ ያፈረውን ያህል፣ አለመናገሩን ሲነግረኝ አልኮራም። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የነገረኝ። "ልጅቷስ?" አልኩት።

"አላውቅም። ሄደች።"

ከውጭ ብዙ ድምፅ መጣ፤ በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ የሚጯጯሁ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ ይመልስላቸዋል። "አባዬ፣ ሊከፍቱ ነው፤ የመንደር ሰዎች ናቸው፤ እኔ አለሁ" አልኩና ሁለቱንም እጆቹን ያዝኩ። ዲጂኖው ማጠፊያው ሥር ሲገባ ብረቱ አለቀሰ። እያንዳንዱ ድምፅ በእጆቹ በኩል ወደኔ ይመጣ ነበር። ከዚያ በሩ ባንድ ጎኑ ወደቀና ብርሃን ገባ፤ የደመና ብርሃን ቢሆንም ዓይናችንን አጥበረበረው።

ባለቤቴ ወደኔ አልመጣም። መጀመሪያ አባቴ ፊት በጉልበቱ ጭቃው ላይ ተቀመጠና እጁን ዘረጋለት፤ ሳይነካው እንዲሁ ዘርግቶ ጠበቀ። አባቴ አየው፣ በኋላ ያዘውና ተነሳ።

ጊዜ አልነበረንም። ውሃው ግንዶቹን እየረገጠ ያልፋል፤ የድልድዩ መሀል ጠፍቷል፤ ሽቦው ብቻ ይታያል። ገበሬዎቹ ከወዲያ ዳር ዛፍ ላይ ያሰሩትን ገመድ ይዘው ነበር የተሻገሩት። ትልቁ ሽማግሌ አንድ ነገር ተናገረ፤ ባለቤቴ ተረጎመልን፤ "አሁን ካልተሻገርን ከነገ በፊት አንሻገርም ነው የሚሉት። እዚህ ደግሞ ከላይ ከጨመረ ቤቱም አይተማመኑበትም።"

ገመዱን በብብቴ ሥር አሰሩልኝ። ባለቤቴ ከላይኛው በኩል ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ውሃው እስከ ወገቡ መታው፤ ሁለት ሰዎች ከኋላው ይዘውታል፤ እሱ ደግሞ ሽቦውን። "ወደኔ እያየሽ ነይ፤ ውሃውን አትዪ" አለኝ። አባቴ "እኔ ከኋላዋ ነኝ" አለ። ሊከለክሉት ሞከሩ፤ አልሰማቸውም። ያ ጥግ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የነበረው ሰው እሱ አይመስልም ነበር።

መሀል ላይ እግሬ ሥር ያለው ግንድ ተንሸራተተ። በጉልበቴ ወደቅኩ፤ ውሃው ሆዴን መታኝ፤ ሽቦው ከእጄ አመለጠ። የጮኸው ማን እንደነበር አላውቅም። የአባቴ እጅ ከኋላ የሹራቤን አንገት ጨመደደ፤ የባለቤቴ ክንድ ከጎን ደገፈኝ። እንዲያ ሁለቱ ይዘውኝ ለአፍታ ቆምን። "ልጄ፣ አትልቀቃት!" አለ አባቴ ከራሴ በላይ፤ ከሠርጋችን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንተ" ብሎ ጠራው። ባለቤቴ አለቀቀኝም። ወዲያ ማዶ ጭቃው ላይ ተዘርግቼ ስተነፍስ፣ ድልድዩ ገና ነበረ። የሄደው ሁላችንም ከተሻገርን በኋላ ነው፤ ግንዶቹ ተራ በተራ ተነስተው ሲሄዱ ቆመን አየን።

ሽማግሌው ቤቱ ወሰደን። ሚስቱ እሳት አነደዱልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ትኩስ ቆጮ ከማር ጋር አቀረቡ። አማርኛ አይችሉም፤ ግን ሆዴን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ዝም ብለው ጠበቁ። እኔም አብሬያቸው ጠበቅኩ። ልጅቷ ባንድ ጎን ገፋ ስታደርግ ሁለታችንም እኩል ሰማናት። እሳቸው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

አስጎብኚው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መግባት ፈርቷል። ባርኔጣውን በእጁ ይጠመዝዛል። "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ።

"አንተ ምን ታደርግ፤ አታውቅም" አለው አባቴ። ቆጮውን ጎርሶ ሲያላምጥ ቆየና፣ "ግን ሰው ላይ በር አትዝጋ። ለጨዋታም ቢሆን" አለ።

በማግሥቱ ቦንጋ ሆስፒታል አይተውኝ ልጅቷ ደህና እንደሆነች ነገሩኝ። ማታ እናቴ ደወለች። አባቴ ጎረቤት ወጥቶ ስለነበር ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ጨለማው ቤት፣ ስለ ደብረ ሲና።

"መታሰሩን ረዳቱ መጥቶ ነግሮኛል" አለች። "ለምን እንደሆነ ግን አባትሽ ራሱ ነግሮኝ አያውቅም። ሲወጣ ጠየቅኩት፣ ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩትም።"

ስለ አውቶቡሷ ልጅ ስነግራት አቋረጠችኝ።

"ስንት ዓመቷ ነበር አለ?"

"አሥራ ስምንት ቢሆናት ነው አለ።"

"እንግዲህ አሁን የልጆች እናት ሆናለች" አለች እናቴ። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። "አግብታለች። ወልዳለች። ምናልባት እዚያው ከሚሴ ነው ያለችው።"

አባቴ ተመልሶ ገባ። "እማዬ ናት" አልኩት። ስልኩን ተቀብሎኝ በረንዳ ላይ ወጣና ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። መጀመሪያ እሷ ብቻ ነበረች የምታወራው፤ ቆይቶ እሱም ጀመረ።